ማሠራጫ ጣቢያ ያሠራው ኮምፒዩተር

በቅርቡ ፊደል ቆጥራችሁ አሁን ጋዜጣና መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ ማድረግ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ንግግራችን ለእናንተ ነው።

የምናወራው ስለ አንድ ኮምፒዩተር ነው። «ኮምፒዩተርና እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሡ። ይህ ኮምፒዩተር ከብዙዎቹ የሚለይበት ነገር አለው። የተሠራው ለትምህርት ዘመቻ ነው። ያሠራውም ነጋዴ ወይም የጦር ሠራዊት ሳይሆን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የእንግሊዝ አገሩ ቢቢሲ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ስለ ሆነ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንጨምርበታለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከፊደል ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝ አገር ማንበብ የማይችል ሰው ያለ አይመስለንም። ነገር ግን በ1974 ስለ ጉዳዩ የሚሟገቱ ሰዎች፣ በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚቸግራቸው አዋቂዎች 2 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ ብለው ገመቱ። ሰዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ነገር ግን አንዱ በሕመም፣ አንዱ በድህነት፣ አንዱ በእፍረት ፊደሉ ሳይገባው ወጥቶ ቀርቷል። በ1975 ቢቢሲ ለእነዚህ ሰዎች አጭር የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረ። ስሙ «ኦን ዘ ሙቭ» ይባላል፤ «ጉዞ ላይ» እንደ ማለት ነው። ቦብ ሆስኪንስ የተባለ ተዋናይ የቤት ዕቃ ጭኖ የሚያመላልስ፣ ማንበብ ግን የማይችል ሠራተኛ ሆኖ ይታይ ነበር። ተመልካቹም «ይህስ እኔን ነው» ይላል። ከዝግጅቱ ጋር የስልክ ቁጥር ይነገራል። የደወለ ሰው በአካባቢው ካለ አስተማሪ ጋር ይገናኛል። ማሠራጫው በሩን ያንኳኳል እንጂ ብቻውን አያስተምርም፤ መምህርና መጽሐፍ ያስፈልጋል። ቢቢሲ ይህን ከዚያ ዘመቻ ተማረ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር መምህሩም፣ መጽሐፉም፣ ሬዲዮውም አንድ ላይ ተሰልፈው ነበር። ዘመቻው በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

እንግዲህ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ብቅ አለ። «ቺፕ» የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ በውስጧ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች የታጨቁባት ቁራጭ ዋጋዋ እየረከሰ መጣ። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ባንክና መንግሥት ብቻ የሚገዛው መሣሪያ ነበር። አሁን ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ። በ1978 ቢቢሲ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ፊልም ቢያሳይ አገሩ ደነገጠ። «ማሽኑ ሥራችንን ሊቀማን ነው» ተባለ። ድንጋጤው ከንቱ አልነበረም። የማያውቁት ነገር ቤት ድረስ ሲመጣ ማን የማይፈራ አለ?

በቢቢሲ የትምህርት ክፍል የነበሩት ጆን ራድክሊፍና ዴቪድ አለን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አሰቡ፤ መከሩም። ፍርሃቱን የሚያስወግደው ምንድን ነው? ስለ ኮምፒዩተር ማውራት ብቻ ነው? ስለ ፊደል ብቻ ስታወሩለት የሚያነብ ሰው የለም። እጁ እርሳስ መያዝ አለበት። ስለዚህ ተመልካቹ እቤቱ መሣሪያው ላይ ራሱ እየጻፈ መማር አለበት አሉ። የዘመቻው ስምም «የኮምፒዩተር መሠረተ ትምህርት» ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ። የዚያን ጊዜ የየፋብሪካው ኮምፒዩተር የየራሱን ዘዬ ይናገራል። ለአንዱ የተጻፈ ትእዛዝ ለሌላው አይገባውም። በቴሌቪዥን «ይህን ጻፉ» ቢባል የአንዱ ቤት ይሠራል፣ የጎረቤቱ አይሠራም። ሁሉም ተማሪ የተለያየ የፊደል ገበታ ይዞ እንደ መጣ ቁጠሩት። ስለዚህ ቢቢሲ ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ፣ በራሱ ስም የሚጠራ አንድ ኮምፒዩተር እንዲሠራለት ወሰነ። ሌሎች ፋብሪካዎች ተቆጡ። «የሕዝብ ጣቢያ እንዴት ለአንድ ኩባንያ ዕቃ ስሙን ያውሳል?» አሉ። ተቃውሞው ውኃ የሚቋጥር ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ገበታ ሳይኖር ለአገር ሙሉ ሰው ትምህርት መስጠት እንዴት እንደሚቻል ከተቃዋሚዎቹ የነገረን የለም።

መጀመሪያ ኒውበሪ ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። ኒውበሪ ሊያደርስ አልቻለም። ጊዜው ሄደ። በ1981 መጀመሪያ ቢቢሲ ወደ ሌሎች ሠሪዎች ዞረ። ከእነሱ አንዱ በካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው አኮርን ነበር። አኮርን የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ስም ነው፤ ትንሽ ፍሬ ናት፣ ዛፉ ግን ትልቅ ነው። ኩባንያውን ያቋቋሙት ከኦስትሪያ የመጣው ሄርማን ሃውዘርና እንግሊዛዊው ክሪስ ከሪ ሲሆኑ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

የቢቢሲ ሰዎች ዓርብ እንመጣለን፣ የሚሠራ መሣሪያ አሳዩን አሉ። አኮርን የነበረው ሐሳብና ንድፍ እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ሃውዘር ታዲያ ምን አደረገ? ለአንዱ መሐንዲስ ለስቲቭ ፈርበር ደወለና «በአንድ ሳምንት ሊሠራ ይችላል ወይ?» አለው። «አይቻልም» ሲለው፣ «ሶፊ ዊልሰን ግን ይቻላል ብላለች» አለው። ቀጥሎ ለሶፊ ደወለና «ስቲቭ ይቻላል ብሏል» አላት። ሁለቱም ሌላው ካለማ ብለው እሺ አሉ! ከዚያ በኋላ ያለ በቂ እንቅልፍ ሽቦ ከሽቦ ሲያያይዙ ሰነበቱ። ዓርብ ሊነጋ ሲል ሁሉም ነገር ተያይዟል፤ መሣሪያው ግን ዝም። የሠሩት ዕቃ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በሽቦ ተገናኝቶ ነበር። ሃውዘር ሽቦው ቢቆረጥስ አለ። እንደ እትብት ቆረጡት። ሠራ። የቢቢሲ ሰዎች ሲደርሱ መሣሪያው ነቅቶ ጠበቃቸው። ሥራውንም አኮርን አገኘ።

መሣሪያው በ1981 መጨረሻ ለሽያጭ ወጣ። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ከውጭ ሲታይ ሰፋ ያለ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። ሣጥኑ ነጣ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ቁልፎቹ ጠቆር ይላሉ፤ ከላይ በኩል አሥር ቀላ ያሉ ቁልፎች ተደርድረዋል። የራሱ መስተዋት የለውም። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ይያያዛል።

ከውስጥ የሚያስበው ክፍል 6502 የሚባል ቺፕ ነው። እንደ ልብ ይመታል። ምቱ ግን በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ከእሱ ሌላ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። አንደኛው እንደ ዳዊት ደጋሚ ነው። አንዴ በቃሉ ይዟል፤ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ አይረሳም። የመሣሪያውን ቋንቋ የያዘው ይህ ክፍል ነው። ሁለተኛው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ይጻፍበታል፣ ይጠፋበታል፤ መብራት ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ሰሌዳው ምን ያህል ይይዛል? «ሞዴል ኤ» የተባለው ርካሹ 16,384 ፊደል፣ «ሞዴል ቢ» የተባለው 32,768 ፊደል ይይዛል። ይህን የያዛችሁትን ንግግር ፊደሎቹን ብትቆጥሩ፣ ሞዴል ቢ ላይ ሁለቴ የሚጻፍበት ቦታ አይታጣም፤ ሦስቴ ግን ይከብዳል። በዚያች ሰሌዳ ላይ ደግሞ የሚታየው ሥዕልም አብሮ ይቀመጣል። ጥራት ያለው ሥዕል ከፈለጋችሁ ከሰሌዳው ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ለጽሑፍ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ጥግ ይበቃዋል። ባለ መሣሪያው ይህን ማመዛዘን የራሱ ፈንታ ነበር።

ሰሌዳው የሚጠፋ ከሆነ ሥራው የት ይቀመጥ? ደብተሩ ካሴት ነበር። አዎን፣ ዘፈን የምንሰማበት ካሴት። ኮምፒዩተሩ ፊደሎቹን ወደ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ይለውጣቸዋል፤ ቴፕ ሪኮርደሩ ይቀዳቸዋል። ሌላ ቀን ቴፑ ሲከፈት ኮምፒዩተሩ መልሶ ያዳምጣል። በሴኮንድ 120 ያህል ፊደል ይሰማል። የሞዴል ኤን ሰሌዳ ያህል ጽሑፍ ለማንበብ ከሁለት ደቂቃ በላይ መጠበቅ ነው። ሻይ እየጠጡ መጠበቅ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መሣሪያው ሲበራ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ከዚያ አንዲት ምልክት አሳይቶ ይጠብቃል። ሌላ ምንም የለም። ሥዕል የለም፣ የሚነካ ነገር የለም። ባዶ ሰሌዳና ጠመኔ ሰጥቶ «እህ፣ ምን ልጻፍልህ?» እንደ ማለት ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ «ቤዚክ» ይባላል። በቢቢሲው መሣሪያ ውስጥ ያለውን ቤዚክ የጻፈችው ያቺው ሶፊ ዊልሰን ናት። ጥሩ ቋንቋ ነው። አንድን ሥራ አንድ ጊዜ አስረድቶ ስም ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ በስሙ ብቻ መጥራት ይቻላል። «ቡና አፍላ» ካላችሁ በኋላ በየቀኑ «ጀበናውን አምጣ፣ ውኃ ጨምር፣ እሳት አንድድ» ማለት እንደማያስፈልግ ሁሉ።

መሣሪያው የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ታዲያ የእኛን ሀ አያውቅም ማለት ነው? አያውቅም። ነገር ግን ማስተማር ይቻላል! ይህን በደንብ ተከተሉኝ፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ያዙ።

መሣሪያው እያንዳንዱን ፊደል የሚሥለው 8 በ8 በሆኑ ነጥቦች ነው። ስምንት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ነጥብ። የበራው ነጥብ ጥቁር፣ ያልበራው ባዶ ይሁን። ሀ እንዲህ ትሆናለች፦

○●○○○○●○
○●○○○○●○
○●○○○○●○
○●○○○○●○
○●○○○○●○
○●○○○○●○
○○●●●●○○
○○○○○○○○

ለእያንዳንዱ ቦታ ዋጋ አለው። ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነው። የበሩትን ብቻ ደምሩ። በመጀመሪያው ረድፍ የበሩት 64 እና 2 ናቸው፤ ድምሩ 66። ስድስቱ ረድፎች አንድ ዓይነት ናቸው። በሰባተኛው ረድፍ 32፣ 16፣ 8 እና 4 በርተዋል፤ ድምሩ 60። የመጨረሻው ባዶ ስለ ሆነ 0። አሁን ትእዛዙን እንጻፍ። ቃሎቹ በመሣሪያው ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኛ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል።

10 ሞድ 4
20 ቪዲዩ 23,224,66,66,66,66,66,66,60,0
30 ቪዲዩ 224
40 ጎቱ 30

በስተግራ ያሉት 10፣ 20፣ 30፣ 40 የመስመሮቹ ተራ ቁጥሮች ናቸው። መስመር 10 ሥዕል ለመሣል የሚሆን ገጽ ያዘጋጃል። በመስመር 20 ላይ 23 ማለት «አዲስ ቅርጽ ላስተምርህ ነው» ማለት ነው፤ 224 የቅርጹ መጠሪያ ቁጥር ነው፤ የቀሩት ስምንቱ ረድፎቹ ናቸው። መስመር 30 ያንን ቅርጽ ጻፍ ይላል። መስመር 40 ደግሞ ወደ መስመር 30 ተመለስ ይላል። ውጤቱስ? ቴሌቪዥኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሀ ሀ ሀ ሀ እያለ ይሞላል፤ አቁም እስኪባል አያቆምም።

መቼም በዚህ ብቻ ፊደላችን ሁሉ ይገባል አላልንም። ለአዲስ ቅርጽ ነፃ የተተዉት ቦታዎች 32 ብቻ ነበሩ። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ከነዘራቸው 28 ይሆናሉ፤ ከሠ ቤት አራት ሲጨመር ቦታው ይሞላል። ተጨማሪ ቦታ ከፈለጉ ከሰሌዳው ላይ መቁረስ ነው። የላቲኑን ሁሉ አባርረን ብንተካው እንኳ መሣሪያው ለፊደል የሚሰጠው የቁጥር ቦታ ከ0 እስከ 255 ነው። የእኛ 33ቱ ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ይመጣል፤ ዲቃሎቹንና የግእዝ ቁጥሮችን ስንጨምር ሞልቶ ይፈስሳል። ቤቱን የሠራው ሰው የልጆቹን ቁጥር አይቶ ነው የሠራው፤ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው።

የሆነው ሆኖ በሩ አልተቆለፈም ነበር። መሣሪያው የማያውቀውን ፊደል ከባለቤቱ ለመማር ዝግጁ ነበር። ለእኔ የዚህ ኮምፒዩተር ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይደለም፤ ይህ ነው።

የቴሌቪዥኑ ትምህርት የተጀመረው በ1982፣ ጃንዋሪ 11 ቀን ነው። በእኛ ጥር 3 ቀን 1974 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሥር ክፍል ነበረው። አቅራቢዎቹ ሁለት ነበሩ። ኢያን ማክኖት-ዴቪስ አዋቂው ነው፤ ክሪስ ሰርል ደግሞ ምንም የማያውቀው ነው። ክሪስ የሚጠይቀው ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚያፍርበትን ጥያቄ ነው። መምህራን ይህን ልብ በሉ፤ በአደባባይ «አልገባኝም» የሚል አንድ ሰው ለብዙ ሺህ ሰው መድኃኒት ነው። ከዝግጅቱ ጋር መጽሐፍ ወጣ፤ «30 ሰዓት ቤዚክ» የተባለ እቤት የሚጠና ትምህርትም ተዘጋጀ።

ነገር ግን ብዙዎቹ ትምህርቱን ያዩት ያለ መሣሪያ ነው። ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ስማቸውን አስመዝግበው ወራት ጠበቁ። በውስጡ ሥዕሉን የሚያወጣው ልዩ ቺፕ በሙቀት ያስቸግር ነበር፤ የኤሌክትሪክ መስጫው ክፍልም በመጀመሪያዎቹ ላይ ይግል ነበር። ደብተር ሳይታደል ትምህርት እንደ መጀመር ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሞዴል ኤ 235፣ ሞዴል ቢ 335 ፓውንድ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ 299 እና 399 ከፍ አሉ። በዚያው ዘመን የሲንክሌር ኩባንያ አነስተኛ ኮምፒዩተር ተገጣጥሞ በ69 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የድሀ ቤት ልጅ እቤቱ የነካው ብዙ ጊዜ የሲንክሌሩን እንጂ የቢቢሲውን አይደለም። ለሕዝብ ተብሎ የተሠራው ዕቃ የሕዝቡን ኪስ አላየም ነበር።

ጉድለቱን በከፊል የሞላው ትምህርት ቤት ነው። ከ1981 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ሲገዛ ግማሹን ዋጋ እከፍላለሁ አለ። ቀጥሎ አንደኛ ደረጃዎቹም ታከሉ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የመረጡት የቢቢሲውን ነበር። በብዙ ቦታ አንድ መሣሪያ በጎማ ጠረጴዛ ተጭኖ ከክፍል ወደ ክፍል ይገፋል፤ ልጆች ይከብቡታል፤ ተራ ይይዛሉ። ቢያንስ ግን አባቱ መግዛት ያልቻለው ልጅም ጣቱን አሳርፎበታል። መጀመሪያ ላይ 12,000 ያህል ይሸጣል ተብሎ የታሰበው መሣሪያ በመጨረሻ ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ።

ለሬዲዮ ሰዎች ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን በድምፅ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ድምፅን ደግሞ ሬዲዮ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ ትእዛዙን በሬዲዮ መላክ ለምን አይቻልም? መጀመሪያ የኔዘርላንድ ሬዲዮ ሞከረው። በ1984 የቢቢሲ አራተኛው ሬዲዮ «ዘ ቺፕ ሾፕ» በተባለው ዝግጅቱ እንዲሁ አደረገ። አድማጩ ቴፑን ያዘጋጃል፤ ከሬዲዮው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል፤ ይቀዳዋል፤ ከዚያ ለኮምፒዩተሩ ያሰማዋል። የየፋብሪካውን ዘዬ የሚያስታርቅ አስተርጓሚ ትእዛዝም ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ያ ጩኸት በብዙ ዓይነት መሣሪያ ላይ ይሠራ ነበር። አየሩ ረብሾ አንድ ፊደል ከተበላሸ ግን ሥራው ሊቆም ይችላል። ሬዲዮ እንደኛ ለሚያንሿሽበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

አኮርን በ1985 በገንዘብ ችግር ተያዘ። ድርሻውን እስከ 49.3 በመቶ የገዛው፣ በጽሕፈት መኪናው ስሙን የምናውቀው የጣልያኑ ኦሊቬቲ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ኤፕሪል 26 ቀን፣ በካምብሪጅ አንድ ሌላ ነገር ተወልዷል። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ከ1983 ጀምረው የራሳቸውን ቺፕ ሲነድፉ ነበር። ይህን ለማድረግ የደፈሩት አሜሪካ ሄደው የ6502ን ተከታይ ቺፕ የሚነድፉት ጥቂት ሰዎችና ተማሪዎች፣ ሥራውም በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት የሚካሄድ መሆኑን ባዩ ጊዜ ነው። «እነሱ ከቻሉ እኛስ?» አሉ። አዲሱ ቺፕ «አርም» ተባለ። የተሞከረውም ከዚያው ከቢቢሲ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ነው። ፈርበር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ቢለካ መለኪያው ዜሮ አሳየው። ግራ ገባው። ኋላ ሲታይ የኤሌክትሪክ መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም ኖሯል! ቺፑ በሌሎቹ መስመሮች በኩል በምትንጠባጠብ ኃይል ብቻ እየሠራ ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ነው የሚበላው።

ይህ ለምን ጠቀመ? ባትሪ የሚይዝ ዕቃ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ1990 አርም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል የአርምን ንድፍ በውስጡ ይዟል። እናንተ በኪሳችሁ የያዛችሁት፣ ልጃችሁ ከአረብ አገር የሚደውልበት፣ ገንዘብ የሚላክበት ስልክ የዚያ የትምህርት ዘመቻ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ነገር ግን ልጅ ሁልጊዜ አያቱን አይመስልም። አያትየው ሲበራ ባዶ ሰሌዳ ዘርግቶ «ጻፍ» ይላል። ስልኩ ሲበራ ሥዕል ደርድሮ «ንካ» ይላል። እርግጥ ነው፣ ስልኩ ፊደላችንን ከነዲቃላው አሟልቶ ያውቃል፤ በዚህ ከአያቱ ይሻላል። ውስጡ ያለውን ትእዛዝ ግን ሌሎች ጽፈውታል፤ እኛ የምንነካው የተጻፈውን ነው። ማንበብ ብቻ የተማረና መጻፍም የተማረ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያላቸውን ልዩነት ታውቁታላችሁ። አንደኛው ቃለ ጉባኤውን ያነባል፤ ሁለተኛው ይይዘዋል።

በእንግሊዝ አገርም ይህ የታያቸው ሰዎች አሉ። በ2012 በዚያው በካምብሪጅ «ራስፕቤሪ ፓይ» የተባለ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ርካሽ ኮምፒዩተር ለልጆች መማሪያ ወጣ። በውስጡ ያለው ቺፕ አርም ነው። ሁለቱን ዓይነቶች «ሞዴል ኤ» እና «ሞዴል ቢ» አሏቸው፤ ለአያታቸው ክብር። ቢቢሲም በ2016 «ማይክሮቢት» የተባለች ትንሽ መሣሪያ አዘጋጅቶ፣ በዚህ ጊዜ በነፃ፣ እስከ 1 ሚሊዮን ለሚደርሱ ተማሪዎች እንድትታደል አደረገ። የዋጋውን ነገር ከመጀመሪያው ጊዜ የተማረ ይመስላል።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። የቤት ሥራ አለ። ደብተራችሁ ላይ 8 በ8 የሆኑ ሣጥኖች ሥሩ። የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል በነጥብ ሣሉበት። ከዚያ የየረድፉን ድምር አውጡና ከመስመር 20 ላይ የሀን ስምንት ቁጥሮች ሰርዛችሁ የራሳችሁን ተኩ። እንደ ጨ ወይም እንደ ፀ ያለ ፊደል የደረሳችሁ በስምንት ነጥብ አልበቃ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የትኛው እግር ቢያጥር ፊደሉ ሳይጠፋ እንደሚቀር ከጎረቤታችሁ ጋር ተመካከሩበት።